ሽምብራ የቆጠርኩበት ወንበር

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት አንድ መጥረጊያ፣ አንድ ባልዲና የአዳራሽ ቁልፍ ነው። አዳራሹ ቦሌ ያለው የቀበሌያችን አዳራሽ ሲሆን ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያውም የኋላ ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። በአዳራሹ ግራ በኩል፣ ከመድረኩ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጣሪያውን የተሸከመ ወፍራም የግንብ ምሰሶ ቆሟል። ልጆች ስማቸውን ይጭሩበታል፣ እኔ እፍቃለሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈለቀ ቁልፉን ሲሰጡኝ ሥራዬ መጥረግ፣ ወንበር መደርደርና ዝም ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ሁለቱን እሠራለሁ፣ ለሦስተኛው ሌላ ሰው ቅጠሩ አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት በሰው ቤት ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ላይ ውበት የምትፈልጉ ሌላ ሰው አንብቡ።

የልጅ ልጄ ዛሬ ሰሚት ሰፈር ውስጥ ወጣቶች ማይክ ይዘው በራፕ ሲሰዳደቡ ዳኛ ሆና ትቀመጣለች። እሷና ጓደኞቿ እናንተ በእንካ ሰላንትያ ጊዜ እንዴት ትዳኙ ነበር ብለው ጠየቁኝ። የምጽፈው ለእነሱ ነው።

እንካ ሰላንትያ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። አንዱ «እንካ ሰላንትያ» ይላል፤ ሌላው «በምንትያ» ብሎ ይቀበለዋል። የመጀመሪያው አንድ ቃል ይጠራል፣ ለምሳሌ «በወንፊት» ይላል። ሌላው «ምን አለህ በወንፊት?» ሲለው የመጀመሪያው በዚያ ቃል ቤት የሚመታ ስድብ ያወርድበታል።

ቃልህ ሁሉ ይፈሳል እንዳረጀ ወንፊት፣
ከኋላ ሳይደርስ ያልቃል ከፊት።

ልጅ ሆነን በየደጃፉ የተጫወትነው ነው። በደርግ ጊዜ ግን የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ይወዳደሩበት ጀመር። ከአካባቢው ሁሉ የኛ አዳራሽ ሰፊ ስለሆነ ውድድሩ ሁልጊዜ እኛ ጋ ነበር።

በመጀመሪያው ውድድር መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከፊት ያሉት ይስቃሉ፣ ከኋላ ያሉት ምን ተባለ እያሉ ይጠያየቃሉ። ከኋላ አይሰማም ብዬ ጮኽኩ። ጓድ ፈለቀ ዞረው አፈጠጡብኝ። የኪነት ቡድኑ ኃላፊ መምህር ጌታሁን ግን ውድድሩ ሲያልቅ መጥቶ የትኛው ቃል እንዳልተሰማ ጠየቀኝ። ከየትኛው ስንኝ የትኛው እንደጠፋ አንድ በአንድ ነገርኩት። በሚቀጥለው ውድድር ከኋላ አንድ ወንበር ተሰጠኝ፣ ስሜም የድምፅ ታዛቢ ተባለ። ልጆቹ ጆሮ ነበር የሚሉኝ።

በሩን መክፈትና መዝጋት የኔ ሥራ ስለሆነ ወንበሬ በሩ አጠገብ ተደረገ። በሩ ደግሞ በኋላው ግራ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ነው።

ከፊት ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ። እነሱ ቤት አመታቱን፣ የመልሱን ፍጥነትና አቀራረቡን ይመዝናሉ። እኔ የጠፋ ቃል እቆጥራለሁ። በእስክሪብቶ ሞክሬ ነበር፤ አንዱን እስክጽፍ ሌላው ያመልጠኛል። ስለዚህ ጭኔ ላይ አንድ ጣሳ ሽምብራ አስቀምጬ፣ በቀኝ የቆመው ቃል ሲያጠፋ አንድ ሽምብራ በቀኝ ኪሴ፣ በግራ የቆመው ሲያጠፋ በግራ ኪሴ እጨምራለሁ። አንድ ሽምብራ አንድ ነጥብ ይቀንሳል።

ከዚያ ወንበር ላይ ብዙ ተማርኩ። ማይክ ስላልነበረን አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ይታፈናል፤ ፊቱን ወደ ኋላ ሰው ማቅናት አለበት። በራሱ ስድብ ቀድሞ የሚስቅ ስድቡን ይበላዋል። የሚቸኩል ሰው ሁልጊዜ የሚወድቀው መጨረሻው ቃል ላይ ነው፤ ቤት የሚመታው ደግሞ እሱ ነው። ቦሌ ስለሆንን አውሮፕላን በላያችን ያልፋል። ጎበዙ አንገቱን ደፍቶ አውሮፕላኑን ያሳልፍና ከቆመበት ይቀጥላል፤ ሰነፉ ይጮህበታል። አውሮፕላንን በጩኸት ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን አንድ የመንዝ ሰው ተወዳደረ። አነጋገሩ የአገሩ ነው። ከፊት ዳኞች አንዱ ስለ አነጋገሩ ሦስት ነጥብ ልቀንስ አለ። ከኋላ ተነስቼ ሄድኩና ያለው ገብቶህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ገብቶኛል አለ። ከገባህ ምኑን ነው የምትቀንስበት አልኩት። መምህር ጌታሁን በዚያው ቀን ሰሌዳው ላይ ጻፈው፦ በአነጋገር ነጥብ አይቀነስም። በዚያ ደንብ እኮራ ነበር። የጣስኩትም እኔው ነኝ።

ቶሎሳ የመጣው ከገርጂ ገበሬ ማኅበር ነው። ያኔ ገርጂ እርሻ ነበር። ጠዋት ጠዋት የወተት ጣሳውን ተሸክሞ ወደ ቦሌ ይመጣና በየደጁ ያድላል። አማርኛን የተማረው በእነዚያ ደጆች ነው፤ ሲናገረው ኦሮምኛው ከሥሩ ይሰማል። ከፊት ያሉት ዳኞች ወደዱት። መልሱ እንደ ጥይት ነበር። ከኔ ግን ስምንት ሽምብራ አገኘና ተሸነፈ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ሽምብራዎቹን ጠየቀኝ። ምን ያደርጉልሃል ስለው፣ ከተሸነፍኩ አይቀር ቆልቼ ልብላቸው አለ።

በሁለተኛው ዓመት አሥር አገኘ። ያን ቀን አልቀለደም። ምን ላድርግ እትዬ አስካለ አለኝ። ቀስ በል አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ወተቱን አድሎ ሲጨርስ መጣና ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቀስ እያለ አሰማኝ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ጋ፣ እሱ እንደ እንግዳ በግራ። አሁንም ቃሉ ይጠፋል። አፍህን ክፈት አልኩት፣ ከፈተ። ይጠፋል። ያን ጊዜ ሌላ ሰው እንዳይል የከለከልኩትን ቃል በገዛ አፌ አልኩት።

«ምላስህን አስተካክል። እንደ ቦሌ ልጆች ተናገር።»

እሺ ብሎ ሄደ።

በእንግዳና በባለቤት መካከል አንድ ልማድ ነበረን። ባለቤት ቀበሌ በቀኝ፣ እንግዳ በግራ ይቆማል። ያወጡት ጓድ ፈለቀ ናቸው። ባንዲራውና መፈክሩ በቀኝ ስለተሰቀለ ፎቶ ሲነሳ የኛ ልጅ ከሥሩ እንዲታይ ነው። ማንም ክፉ ነገር አላየበትም። እኔም አላየሁም።

ሦስተኛው ዓመት ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ነው። የቀበሌም የገበሬ ማኅበርም ወጣቶች ስም ይጻፍ ጀመር። የቀበሌዎች የበላይ የሆነው ከፍተኛው በበኩሉ ለራሱ ኪነት ቡድን አንድ ሰው ከኛ ውድድር እወስዳለሁ አለ። ወደዚያ ቡድን የገባ ሰው ስም ከዘማች ዝርዝር ይወጣል። ይህን በይፋ የተናገረ የለም፤ የማያውቅም የለም። ዝርዝሩ የሚፈረመው ዓርብ ነው፣ ውድድሩ በፊቱ ባለው ቅዳሜ።

ለመጨረሻ የደረሱት ቶሎሳና የኛው ሳምሶን ናቸው። ሳምሶን የጎረቤቴ የብርቄ ልጅ ነው። ብርቄና እኔ አጥር ለአጥር ነን፤ ልጇ ሲወለድ ውሃ ያፈላሁት እኔ ነኝ። የሁለቱም ልጆች ስም በየዝርዝራቸው ላይ ነበር።

ቶሎሳ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደኔ መጣ። አነጋገሩ ተለውጧል። የቦሌ ልጅ መስሏል።

«ከእናቴ ጋር እንኳ በአማርኛ ብቻ ነው የማወራው እትዬ» አለኝ። «ዓመት ሞላኝ። እሷ ግን አይገባትም።»

ጎበዝ አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጎበዝ አልኩት።

ከፊት ያሉት ዳኞች ቶሎሳን በአምስት ነጥብ አስቀደሙት። የሳምሶን ሽምብራ ሁለት ሆነ። የቶሎሳ አሥራ አንድ። ጓድ ፈለቀ የሳምሶንን እጅ ወደ ላይ አነሱ። ብርቄ መሬቱን ሳመች። ቶሎሳ ወተት የሚያደርስበት ቤት እንዳለ ተናግሮ ወጣ፤ በዚያ ሰዓት ወተት የሚያደርስበት ቤት አልነበረም።

ማክሰኞ አናጢ መጣ። ከመድረኩ በቀኝ በኩል ሁለት ጣውላ ተሰብሮ ነበር። ሳምሶን ለከፍተኛው ሊያሳይ ይለማመዳል። አናጢው ቀኙን ስለያዘበት ከግራ ቆሞ ነው። እኔ ጠርጌ ደክሞኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። የሚለው ያንኑ ቅዳሜ ያሸነፈበትን ነው። ግማሹ አይሰማኝም።

አፍህን ምን ነካው ብዬ ጠየቅሁት። ምንም አለ። አናጢውን ፈቀቅ በልልን አልኩትና ሳምሶንን ወደ ቀኝ ላክሁት። ቃሉ አንድም ሳይጎድል ደረሰ። ወደ ግራ መለስኩት። ተዋጠ።

ጣሳዬን አመጣሁ። ሳምሶን ከግራ ሆኖ ሙሉውን እንዲል አደረግሁት። አሥራ ሦስት ሽምብራ። ወንበሬን ስድስት እርምጃ ወደ መሐል ጎተትኩና ድገም አልኩት። ሁለት። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየሁ። በእኔ ወንበርና በእንግዳው መቆሚያ መካከል ምሰሶው ልክ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምሰሶውን አልፎ የሚመጣውን ድምፅ ደግሞ ከኋላዬ ያለው ቆርቆሮ መልሶ ያንጫጫዋል። ያን ምሰሶ በየሳምንቱ እፍቀዋለሁ። አንድም ቀን ከወንበሬ ሆኜ አላየሁትም።

ጣሳው ወደቀና ሽምብራው ወለሉ ላይ ተበተነ። በሦስት ዓመት አንድ እንግዳ እኛን አሸንፎ አያውቅም። እኛ ጎበዝ ስለሆንን መስሎኝ ነበር። አንዲት ሽምብራ ለማንም አድልቼ አላውቅም፤ ሁሉንም በትክክል ነው የቆጠርኩት። የሰረቅኋቸው በትክክል እየቆጠርኩ ነው።

አናጢው መዶሻውን አቁሟል። ሳምሶን ከመድረክ ላይ ያየኛል። ሞኝ ልጅ አልነበረም፣ ገብቶታል።

«ይህን ለማን ይነግራሉ እትዬ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሽምብራዬን ለቀምኩ።

በዚያው ቀን ጓድ ፈለቀ ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የቅዳሜው ውጤት ትክክል አይደለም።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

«የቆጠርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«የቆጠርኩትማ እኔ ስለሆንኩ ነው የምናገረው።»

ስለ ወንበሩና ስለ ምሰሶው አስረዳኋቸው። መጥተው እንዲሰሙ ለመንኳቸው። ወረቀቱ ወደ ከፍተኛው ሄዷል አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቶሎሳ ቢገባ ማን እንደሚወጣ አስቤ እንደሆነ ጠየቁኝ። አስቤአለሁ አልኩ። የብርቄን ልጅ፣ የራስሽን ቀበሌ ልጅ አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። በሩን አሳዩኝ።

ገና በጠራራ ፀሐይ ብርቄ አጥሩ ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ሳምሶን ነግሯታል። አልጮኸችም።

«አስካል፣ ውሃ ያፈላሽለት ልጅ ነው» አለችኝ። «ዝም ብትይ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ያኛው ምንሽ ነው?»

ምኔም አልነበረም። ቤቱን እንኳ አላውቀውም። ይህን ነገርኳትና ወደ ቤቴ ገባሁ። ያ መልስ ከዚያ በኋላ ለስምንት ዓመት በእሷ ጆሮ ውስጥ እንደቆየ አውቃለሁ።

ረቡዕ የውይይት ክበብ ነበረን። በዚያ ዘመን የኖረ ያስታውሳል። ከከፍተኛው ካድሬ ይመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ መጨረሻ ላይ ሂስና ግለ ሂስ አለ። ሰው ሁሉ ግለ ሂስ ሲደርሰው አርፍጃለሁ፣ መዋጮ አዘግይቻለሁ ይላል። ሌላውን ለመክሰስ ብነሳ ጓድ ፈለቀ ያስቆሙኝ ነበር። ራሱን የሚከስን ሰው ግን ማስቆም አይቻልም። ደንቡ የራሳቸው ነው።

ተነሳሁ። ቃል በቃል ያልኩት ይህ ነው።

«ራሴን እከሳለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመጥፎ ወንበር ላይ ሆኜ እንግዶችን ነጥብ ቀማሁ። አንዱን ደግሞ ምላስህ ነው ጥፋቱ ብዬ የእናቱን ቋንቋ አስተውኩት። ጥፋቱ የምላሱ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።»

ጓድ ፈለቀ የጓድ አስካለ ጉዳይ በሌላ ጊዜ ይታያል አሉ። ጸሐፊው ግን ጽፎታል፤ ካድሬው ደግሞ ወደ ወረቀቱ እያየ ነው። ካድሬው ለእንካ ሰላንትያ ደንታ አልነበረውም። የተጻፈን ግለ ሂስ ያለ እርምት መተው ግን ለእሱም ጥያቄ ያመጣበታል። ወንበሯ የት ነው አለ። አሳየሁት። ተቀመጠበት። መምህር ጌታሁን ከግራ ቆሞ ከያዘው ጋዜጣ አነበበለት፣ ከዚያ ከቀኝ። ካድሬው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይደገም አለ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቶሎሳን ወተት ሲያድል አገኘሁትና ነገርኩት። ጣሳውን መሬት አስቀመጠ።

«ሦስት ጊዜ የተሸነፍኩት በምሰሶ ነው?»

«በምሰሶና በኔ።»

«ታዲያ እናቴን ምን ልበላት?»

እንደ ድሮህ ተናገር ብቻ አልኩት።

ለሐሙሱ ውድድር ደንቡን እኔና መምህር ጌታሁን አወጣን። በየዙሩ ተወዳዳሪዎቹ ግማሹን ብለው ቀኝና ግራ ይቀያየራሉ። እኔ አልቀመጥም፤ ጣሳዬን ይዤ በየዙሩ አንድ ቦታ እቆማለሁ፣ ሁለቱንም ከዚያው እሰማለሁ። በአዳራሹ ስድስት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ሳምሶን ይህን ሁሉ ሲያይ ቆየና ጥሩ ነው አለ።

ሁለቱም እንደዚያ ቀን ጎብዘው አያውቁም። ሳምሶን «በገደል» አለው።

አማርኛህ ተሰባብሯል፣ የወደቀ ነው ከገደል፣
ሳትጠግነው አትናገር፣ ጆሯችንን አትበድል።

አዳራሹ ፈነዳ። በዚያው አውሮፕላን መጣ። ቶሎሳ አንገቱን ደፍቶ አሳለፈው። ከዚያ ቀና ብሎ «በመንገዱ» አለ። «ምን አለህ በመንገዱ?» ተባለ። በዚያ በገርጂ አነጋገሩ፣ ሳይቸኩል፣

የኔ አማርኛ በእግሩ መጣ፣ ሩቅ ነበር መንገዱ፣
ያንተ በመኪና መጥቶ፣ ከበር ቀረ ከነጉዱ።

እኔ የቆምኩት ከኋላ በሩ ጋ፣ የድሮው ቦታዬ ላይ ነበር። ቶሎሳ በዚያን ጊዜ በቀኝ ነው። እያንዳንዱ ቃል ደረሰኝ። አነጋገሩ ያው የመጀመሪያው ዓመት አነጋገር ነው።

ሳምሶን ሦስት ሽምብራ፣ ቶሎሳ ሁለት። ከፊት ያሉት ዳኞች ቶሎሳን በአራት አስቀደሙት። ሽምብራውን ጠረጴዛው ላይ ቆጥሬ ሳሳይ ብርቄ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም።

ዓርብ ዝርዝሩ ተፈረመ። እሑድ የጭነት መኪና መጣ። ሳምሶን ሲሳፈር ወደኔ አላየም። እኔ ከአጥሬ አልወጣሁም። ብርቄ ቦኖ ውሃ ላይ ስንገናኝ እንስራዋን ይዛ ወደ ሌላ ወረፋ ትሄድ ጀመር። ፍርዴ ትክክል ነበር። እሷም ልጇን ነው ያጣችው። ሁለቱን የማስታርቅበት ነገር ፈልጌ አላገኘሁም።

ያለፉትን ውድድሮች እንግዶች ስም ልጽፍ ሞከርኩ። አሥራ አራት ነበሩ። የስድስቱን ስም ማንም አላስታወሰልኝም። የቀሩትን ስምንት መምህር ጌታሁን እየዞረ ነገራቸው። አንዷ ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ፊት ተናግራ እንደማታውቅ ነገረችው።

ቶሎሳ ኪነቱ እስኪፈርስ ድረስ እዚያ ሠራ፣ ከዚያ ገርጂ ተመለሰ።

ደርግ ሲወድቅ ሳምሶን በእግሩ እያነከሰ ተመለሰ። ለሦስት ወር በአጥሩ ማዶ ድምፁን እሰማለሁ፣ አይመጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ስጠርግ ገባ። መድረኩን አየ፣ ምሰሶውን በእጁ ነካው። ተቀመጥ አልኩት። አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ ያን ሐሙስ ከየት ሆነው ነው የሰሙኝ?»

«ከስድስቱም ቦታ።»

«በሩ ጋም?»

«በሩ ጋም።»

«እሱንም ከዚያው?»

«ከዚያው።»

ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ያቺ የጣሳ ሽምብራ አሁንም አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለች አልኩት። ብርቄ በማግስቱ ቦኖው ጋ እንስራዋን ከእንስራዬ ኋላ አስቀመጠች። አላወራችኝም፣ ወረፋዋን ግን አልቀየረችም።

ለልጅ ልጄና ለጓደኞቿ የምነግራቸው ይህን ነው። የተወዳዳሪ ቃል ሲጠፋባችሁ፣ አነጋገሩን ከመንካታችሁ በፊት ተነሱና ሌላ ወንበር ላይ ሆናችሁ ስሙት።